ምዕራፍ 6፦ የሥራ መኪናን ከማጥ የሚያወጡ ዕቃዎች

ከአስፋልት ወጥቶ የሚሠራ ፒክአፕ መኪና፣ ወደ ጤና ኬላ ክትባት የሚያደርስም ይሁን የጉድጓድ ቆፋሪዎችን ቧንቧ የሚጭን ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ጠጋኞችን የሚያመላልስ፣ የሚሄድበትን መንገድ የሚወስንለት ሥራው ስለሆነ፣ አንድ ቀን ጭቃ ወይም አሸዋ ይዞት መቆሙ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና በራሱ ኃይል፣ በሰው ጉልበት ወይም በሌላ መኪና ጉተታ ከያዘው ቦታ ለማላቀቅ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች በዚህ ምዕራፍ በአንድነት «የማውጫ ዕቃ» ይባላሉ። በገበያ ላይ ዓይን የሚስቡት ከእነዚህ መካከል ብዙ ቶን እንደሚጎትቱ የተጻፈባቸው ናቸው፤ ሆኖም አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ባለንብረት ገንዘቡን በአግባቡ እንዲያውል ከተፈለገ የአመራረጡ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይገባዋል፤ መኪናው ለመውጣት የሚጠይቀውን ጉልበት የሚቀንሰው ዕቃ በቅድሚያ፣ ጉልበት የሚፈጥረው ዕቃ ደግሞ ከዚያ በኋላ መገዛት አለበት።

ለዚህ ምክንያቱ የተያዘ መኪና የሚያሳየው ተቃውሞ መጠን ነው። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተሽከርካሪ ማውጫ መመሪያዎች ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ግምት እንደሚያስረዳው፣ ጎማው የሰጠመ ተሽከርካሪን ለማላቀቅ የራሱን ክብደት ያህል፣ እስከ ፓራፋንጎው የሰጠመውን ለማላቀቅ ደግሞ የክብደቱን እጥፍ ያህል ጉተታ ያስፈልጋል። ጭነቱንና ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 3 ቶን የሚመዝን ደብል ጋቢና መኪና በመጀመሪያው ሁኔታ 3 ቶን፣ በሁለተኛው 6 ቶን ይጠይቃል ማለት ነው፤ 6 ቶን ደግሞ በአንድ ፒክአፕ ላይ ከሚገኙት ገመዶች፣ መንጠቆዎችና ብሎኖች አብዛኞቹ በደኅና ሊሸከሙት የማይችሉት ኃይል ነው። ሁለት ሰዎች በአካፋ ቆፍረው ከጎማዎቹ ፊት ተዳፋት መውጫ ቢያበጁና ጭነቱን ቢያራግፉ ግን ያው መኪና ከዚህ ግምት በእጅጉ ባነሰ ጉተታ ሊወጣ ይችላል። የአካፋ ዋጋና የከባድ ዊንች ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቅ ለሚያውቅ ሰው ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ በተገባ ነበር፤ ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከቆሙት መኪናዎች ስንቶቹ ደህና አካፋ ይዘው እንደሚወጡ መመልከት፣ ነገሩ ደግሞ ደጋግሞ መነገር እንዳለበት ያሳያል።

የትኛው ዕቃ እንደሚቀድም የሚወስነው መኪናው የሚውልበት መሬት ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ትልቁን ችግር የሚፈጥረው ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲሆን፣ የአፈር ተመራማሪዎች ቨርቲሶል በሚል ስም ይመድቡታል። ይህ አፈር በሀገሪቱ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍንና ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው ክፍል እንደሚገኝ በግብርና ጥናቶች በተደጋጋሚ ተጠቅሷል፤ የበቾ ሜዳ፣ የጊንጪ አካባቢና በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ የታወቁ ምሳሌዎቹ ናቸው። በአፈሩ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ስሜክታይት የተባሉት የሸክላ ማዕድናት ውኃ ሲያገኙ የሚያብጡ፣ ሲደርቁ የሚኮማተሩ በመሆናቸው፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የነበረበት ሜዳ በክረምት ስንጥቁ ተደፍኖ ውኃ የማያሰርግ፣ ከላዩ የሚያንሸራትትና ከሥሩ የሚይዝ ማጥ ይሆናል። ጭቃው በጎማው ጥርሶች መካከል ገብቶ ስለሚጣበቅ ጎማው ጥቂት እንደዞረ ጥርስ የሌለው ያህል ይሆናል፤ አሽከርካሪው ነዳጅ በሰጠ ቁጥርም ጎማው ለራሱ ጉድጓድ እየቆፈረ ይወርድና በመጨረሻ ሻንሲው መሬት ላይ ያርፋል። ሻንሲው ካረፈ በኋላ የመኪናው ክብደት ከጎማዎቹ ላይ ስለሚነሳ አራቱም ጎማ ቢሽከረከር የሚገፋው ነገር አይኖርም፤ ከሆዱ ሥር ያለው ጭቃም አየር ስለማያስገባ መኪናውን መጥጦ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ከሻንሲው ሥር ያለውን ጭቃ በአካፋ ጠርጎ አየርና ውኃ እንዲያልፍ ማድረግ ከማንኛውም ጉተታ የሚቀድም ሥራ ነው።

ስለዚህ ዋልካ ላይ ለሚውል መኪና የመጀመሪያው ግዢ ከሆዱ ሥር የሚደርስ ረጅም እጀታና ጠበብ ያለ ምላስ ያለው ጠንካራ አካፋ፣ ከእርሱም ጋር ዶማና ገጀራ ነው። ሁለተኛው በጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ሲሆን፣ ይህም በጭቃ የተሞላውን ጥርስ ተክቶ መሬቱን ስለሚቆነጥጥ እርጥብ ሸክላ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ሰንሰለቱ በትክክለኛው የጎማ ልክ መገዛትና መኪናው ከመያዙ በፊት መታሰር አለበት፤ እስከ ቸርኬው የሰጠመ ጎማ ላይ ሰንሰለት ለማሰር መሞከር ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ጠንካራ መንገድ ላይ ሲደረስም ወዲያው ካልተፈታ ጎማውንም መንገዱንም ይጎዳል።

አሸዋ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች፣ በሶማሌ ክልልና በደቡብ ኦሞ ደረቅ ወንዞች ላይ የሚሠራ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የጎማ ንፋስ መለኪያና መልሶ የሚሞላ ኮምፕሬሰር ነው። ጎማ መሬቱን የሚጫንበት ግፊት በውስጡ ካለው የንፋስ ግፊት ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ፣ 750 ኪሎ ግራም የተሸከመ ጎማ ንፋሱ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች ላይ 35 ፓውንድ ሲያርፍ፣ መሬቱን የሚነካው የጎማ ክፍል 305 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ንፋሱ ወደ 18 ሲወርድ ይኸው ስፋት ወደ 600 ይጠጋል። ጭማሪው በአብዛኛው በጎማው ርዝመት አቅጣጫ ስለሆነ ጎማው አሸዋውን እንደ ማረሻ ከመሰንጠቅ ይልቅ ረግጦት ያልፋል። ንፋስ የተቀነሰለት መኪና በዝግታ መነዳት ያለበት ሲሆን፣ ጠንካራ መንገድ ላይ ሳይሞላ በፍጥነት ቢሄድ ጎማው ግሎ ይበላሻል። ካላማዳሪያ ባለው ጎማ ላይም ጥንቃቄው የበለጠ ነው፤ ንፋሱ ከልክ በላይ ሲጎድል ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካላማዳሪያውን ቫልቭ ሊቆርጠው ይችላል። በደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ይጨመራል፤ ሰማዩ በጠራበት ቦታ እንኳ ከላይኛው ተፋሰስ የዘነበ ደራሽ ውኃ ሊመጣ ስለሚችል፣ በጥቂት ደቂቃ ሥራ ላይ የሚውል ዕቃ ብዙ ከሚጎትት ግን ለመዘርጋት ረጅም ጊዜ ከሚወስድ ዕቃ እዚያ ይበልጣል።

ከጎማ ሥር የሚነጠፍ ሰሌዳ የአሸዋ መንገደኞች የጥንት ወዳጅ ነው። ግብፅ ተመድቦ የነበረው የብሪታንያ መኮንን ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከጓደኞቹ ጋር የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪናዎች ሲያቋርጥ፣ የጎማ ንፋስ ከመቀነሱም ሌላ ጠንካራ የብረት አሸንዳዎችን ከኋላ ጎማዎች ፊት እያነጠፈ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 እርሱ ያቋቋመው የረጅም ርቀት በረሃ ቃኚ ጓድም በከባድ ጭነት ተጭነው በሚጓዙ የጭነት መኪናዎቹ ላይ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሟል። ዛሬ በአብዛኛው የሚሸጡት ጥርስ ያላቸው የፕላስቲክ ሰሌዳዎች አንዱ 4 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ከብረቱ እጅግ ይቀላሉ፤ ጎማው በላያቸው ላይ በፍጥነት ከተሽከረከረ ግን ጥርሳቸው በሙቀት ይቀልጣል። ዋልካ ላይ አገልግሎታቸው ከአሸዋው ያነሰ ቢሆንም፣ ከሥራቸው ድንጋይ ወይም የባሕር ዛፍ እንጨት ሲደረግላቸው ጎማው መልሶ እንዳይሰጥም ይረዳሉ። ድንጋይና እንጨት በቅርብ በማይገኝበት ቦታ የሚሠራ መኪና ሁለት ሰሌዳ ሳይዝ መውጣት የለበትም።

እነዚህ ሁሉ ሳይበቁ ሲቀሩ ጉተታ ይመጣል፤ በጉተታ ውስጥ ሰው የሚሞትበት ስሕተትም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከገመዱ አመራረጥ ነው። ሁለት ዓይነት ጨርቅ መሰል መጎተቻዎች አሉ፦ አንደኛው ከናይለን የሚሠራና በጉተታ ጊዜ ከርዝመቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል የሚለጠጥ፣ ሁለተኛው ከፖሊስተር የሚሠራና እምብዛም የማይለጠጥ ነው። የሚለጠጠው ጎታቹ መኪና ትንሽ ተንደርድሮ እንዲስብበት የተሠራ ሲሆን፣ አሠራሩ በቀላል ስሌት ይገለጻል። 3 ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 11,500 ጁል ያህል የእንቅስቃሴ ጉልበት ይይዛል። ይህ ጉልበት በ2 ሜትር ልጠት ውስጥ ቀስ እያለ ቢተላለፍ በገመዱ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል 600 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ያው መኪና በዚያው ፍጥነት ሄዶ በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢገታ ኃይሉ ወደ 6 ቶን፣ በሰንሰለት ወይም በብረት ካቦ ታስሮ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢገታ ደግሞ ከ23 ቶን በላይ ይሆናል። ከፍተኛው ኃይል ከአማካዩ እንደሚበልጥ ሲታሰብ፣ በሰንሰለት ተንደርድሮ መጎተት መኪናን ከመስበርና ሰውን ከመግደል እንደማይለይ ግልጽ ይሆናል። የማይለጠጥ ገመድ፣ ሰንሰለትም ሆነ ካቦ ሲያገለግል ገመዱ አስቀድሞ ተወጥሮ በዝግታ መሳብ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ከዚህ ስሌት ሁለት የግዢ መመሪያዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ የሚለጠጠው ገመድ ወፍራም በሆነ ቁጥር ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑ ነው፤ የገመዱ የመበጠሻ ልክ ከሁለቱ መኪናዎች ቀላል ከሆነው ክብደት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንዲሆን የሚመከረው፣ ከዚያ በላይ የጠነከረ ገመድ በበቂ ሁኔታ ስለማይለጠጥ የተገዛበት ጥቅም ስለሚቀር ነው። ለ3 ቶን ፒክአፕ ከ6 እስከ 9 ቶን ባለው መካከል የሚገኝ፣ 9 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ ተስማሚ ነው። ሁለተኛው ከሀገራችን መንገዶች ልማድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ገጠር ውስጥ የተያዘን ፒክአፕ ለመርዳት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሌላ ፒክአፕ ሳይሆን አይሱዙ፣ ሲኖትራክ ወይም የእርሻ ትራክተር ነው። የጭነት መኪናው ክብደት ከፒክአፑ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ተንደርድሮ መሳብ የፒክአፑን መጎተቻ ከነብሎኑ ሊነቅለው ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የሥራ መኪና ከሚለጠጠው ገመድ ጎን ለጎን የማይለጠጥ የፖሊስተር ገመድ ሊኖረው ይገባል፤ አሽከርካሪውም ለረዳቱ ሰው «ቀስ ብለህ ወጥረው፣ ከዚያ ዝም ብለህ ሳብ» ብሎ ለማስረዳት ማፈር የለበትም።

ገመዱ የሚታሰርበት ነጥብ ከገመዱ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው ቢሆንም አደገኛነቱ ይብሳል። ብዙ መኪናዎች ከፊታቸው ሥር ያላቸው ቀጭን የብረት ቀለበት በመርከብ ሲጓጓዙ የሚታሰሩበት እንጂ ከጭቃ የሚጎተቱበት አይደለም፤ ተጎታች የሚያያዝበት የብረት ኳስም ሲሰበር እንደ ጥይት እየተወረወረ በተለያዩ አገሮች ሰው ስለገደለ ገመድ ፈጽሞ ሊገባበት አይገባም። ለጉተታ የሚታመነው ልኩ በአምራቹ የተገለጸ፣ ከሻንሲው ጋር በጠንካራ ብሎኖች የተያዘ መጎተቻ ሲሆን፣ ከፊትም ከኋላም መኖሩ መኪናው ከመላኩ በፊት ጎንበስ ተብሎ መታየት አለበት። ገመዱን ከመጎተቻው ጋር የሚያገናኘው በፒን የሚዘጋ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ብረት ሻክል ይባላል፤ ለፒክአፕ የሚበቃው አካሉ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና በጎኑ 4.75 ቶን የሚል የሥራ ልክ በጉልህ የተቀረጸበት ነው። ልክ ያልተቀረጸበት ሻክል፣ ምንም ያህል የሚያብረቀርቅ ቢሆን፣ ለጉተታ አይገዛም። ሁለት ገመድ ለመቀጠል መሃል ላይ ሻክል ማስገባትም ክልክል ነው፤ አንደኛው ገመድ ቢበጠስ ሌላው ሻክሉን ወደ መኪናው መስታወት ይወነጭፈዋል።

ይህ ሁሉ በተለይ የሚያሳስበው በገጠር የተያዘ መኪና ዙሪያ ሁልጊዜ ሰው ስለሚሰበሰብ ነው። ከእርሻው ወጥቶ የሚገፋው ገበሬ የሚሰጠው እርዳታ ከብዙ ዕቃ ይበልጣል፤ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ሕፃናት ግን ከተወጠረው ገመድ አጠገብ ቆመው ያያሉ። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በአንድ ተኩል እጥፍ እንዲርቅ ማድረግ፣ በገመዱ መካከል ላይም ጥቂት አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ ምንም የማያስወጣ ጥንቃቄ ነው፤ የተጣለው ነገር ገመዱ ቢበጠስ ወደ ላይ እንዳይወነጨፍ ወደ መሬት ይጫነዋል። ይህን ለማድረግ ጊዜ የለም የሚል አሽከርካሪ መኪና እንዲጎትት ሊፈቀድለት አይገባም።

ብቻውን የሚጓዝ መኪና ጎታች ስለማያገኝ ዊንች፣ ማለትም ካቦ እየጠቀለለ መኪናውን የሚስብ መሣሪያ፣ ያስፈልገዋል። በፊት ፓራውልት ላይ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ዊንች አቅሙ ከመኪናው ሙሉ ክብደት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆን ይመከራል፤ ለ3 ቶን መኪና 4.5 ቶን መሆኑ ነው። ገዢው ሊያስተውለው የሚገባው ነገር፣ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው አቅም ካቦው ከጥቅሉ ላይ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ብቻ የሚገኝ መሆኑን ነው፤ ጥቅሉ በወፈረ ቁጥር ጉልበቱ እየቀነሰ በመጨረሻው ንብርብር ላይ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ይጠፋል። በሙሉ ጭነት ጊዜ ዊንቹ እስከ 400 አምፔር የሚደርስ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ሞተሩ እየሠራ ካልሆነ ባትሪው ፈጥኖ ይደክማል። ካቦው ከብረት ይልቅ ከሰው ሠራሽ ክር ቢሆን ሲበጠስ አደጋው ያንሳል፤ ነገር ግን ይህ ክር በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቀልጥ፣ በጭቃ ውስጥ ባለ አሸዋ የሚፈገፈግና በፀሐይ የሚደክም በመሆኑ፣ ተከታታይ እንክብካቤ ለማያገኝ የሥራ መኪና የብረት ካቦ መምረጥ ስሕተት አይሆንም።

ለሥራ መኪና ግን ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ቲርፎር በሚባለው የንግድ ስም የታወቀው የእጅ ዊንች ነው። ይህ መሣሪያ በውስጡ ያሉት ሁለት መንጋጋዎች እየተፈራረቁ ካቦውን ሲይዙና ሲለቁ፣ ሰው እጀታውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ብቻ ይስባል። 18 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ዓይነት 1.6 ቶን፣ 27 ኪሎ ግራም የሚሆነው ደግሞ 3.2 ቶን ለማንሳት የተሠራ ሲሆን፣ ከልክ በላይ ሲጫን መሣሪያው እንዳይሰበር ቀድመው የሚቆረጡ ፒኖች አሉት። ባትሪ አይፈልግም፤ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ከሁሉም በላይ ወደ ኋላ ይስባል። የተያዘ መኪና ብዙ ጊዜ በደኅና የሚወጣው በመጣበት ጎማ ፈለግ ወደ ኋላ ሲመለስ ስለሆነ፣ ከፊት ብቻ የሚስበው የኤሌክትሪክ ዊንች መኪናውን ይበልጥ ወደ ማጡ መሃል የሚያስገባበት ጊዜ አለ። የእጅ ዊንች ድካሙ እርግጥ ነው፤ ጥቂት ሜትር ለመሳብ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በሥራ መኪና ላይ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ስለማይጠፋ፣ ዝግታውም ለማየትና ለማረም ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ድካሙ ጥቅሙን አያስረሳውም።

ሁለቱም ዊንቾች ከመዘውር ጋር ሲገዙ ጥቅማቸው ይጨምራል። ካቦው በመዘውሩ ዞሮ ወደ መኪናው ሲመለስ፣ በሰበቃ ከሚባክነው በቀር ጉልበቱ እጥፍ፣ ፍጥነቱ ግማሽ ይሆናል፤ መዘውሩ የታሰረበት ዛፍም እጥፍ ኃይል ይሸከማል። ካቦ በቀጥታ በዛፍ ላይ መጠምጠም ልጡን ቆርጦ ዛፉን ስለሚገድል፣ ሰፊ የዛፍ ማሰሪያ ከዊንቹ ጋር አብሮ መገዛት አለበት፤ በተለይ አንድ የግራር ጥላ ለከብትም ለሰውም መጠለያ በሆነበት አካባቢ ይህን መርሳት ነውር ነው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ስኮርታ ጎማውን በጥልቅ ጉድጓድ ቀብሮ ካቦውን ከእርሱ ጋር ማሰር ይቻላል፤ ይህም እንደገና ወደ አካፋው ይመልሳል።

ስለ ክሪክ የሚባለው አጭር ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ይበቃል፤ በጭቃ ላይ እንዳይሰጥም ግን 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ያስፈልገዋል። ረጅሙ የብረት ክሪክ ጠቃሚ ቢሆንም እጀታው በድንገት ተወርውሮ መንጋጋ የሚሰብርና ባልተስተካከለ መሬት ላይ የሚንሸራተት በመሆኑ፣ አጠቃቀሙን ላልተማረ አሽከርካሪ ባይሰጥ ይመረጣል።

አካፋ፣ ሰሌዳዎች፣ ኮምፕሬሰር፣ ሁለት ዓይነት ገመድ፣ ሻክሎች፣ ጣውላ፣ የእጅ ዊንችና ካቦው በአንድነት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ይህ ክብደት ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ የሚቀነስ ስለሆነ በጭነት እቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። የሥራ መኪና በብዙ እጅ የሚያልፍ በመሆኑም ዕቃዎቹ ከጭነቱ በታች በማይቀበር፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው አሽከርካሪዎች መኪናውን ሲረካከቡ እንደ ስኮርታ ጎማው ተቆጥረው ሊፈረምባቸው ይገባል። የናይለን ገመድ ሲረጥብ ከጥንካሬው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል የሚያጣ፣ በውስጡ የገባ ደቃቅ አሸዋም ክሮቹን ከውስጥ የሚቆርጥ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ጉተታ በኋላ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት። ጠርዙ የተቆረጠ፣ ስፌቱ የተፈታ ወይም በሙቀት የደረቀ ቦታ ያለው ገመድ ለጉተታ ዳግመኛ አይታሰርም፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይጠቀምበትም እዚያው በቢላ መቆረጥ አለበት።